ሳይቃጠል በቅጠል
ስለሚደርቅና ስለሚሰበር ፀጉር አያያዝ

ፀጉር ሕይወት ያለው ሥሩ ዘንድ ብቻ ነው። ከራስ ቅል ቆዳ በላይ የወጣው ክፍል ሕይወት የሌለው ስለሆነ፣ አንድ ጊዜ የተሰበረው ወይም ጫፉ የተሰነጠቀው በየትኛውም ቅባት ተመልሶ አይጋጠምም። ስለዚህ ተግባራችን ሁለት ነው፤ ይኸውም ያለውን ከመሰበር መጠበቅና ሥሩን ከጉዳት መከላከል ነው። ይህን የተረዳች እኅት በሳምንት ውስጥ ፀጉር አበቅላለሁ ለሚል ብልቃጥ የቤቷን ወጪ አታባክንም። ጤናማ ፀጉር በወር የሚያድገው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ነውና፣ አንድ ስንዝር ለማደግ ከአንድ ዓመት ተኩል የማያንስ ትዕግሥት ይጠይቃል።

በምሥራቁ ደረቅ ምድር ለሚኖሩ ቤተሰቦቻችን ከጎረቤት ከተማ ከሐርጌሳ የሚገኝ ጠቃሚ ልምድ አለ። ሐርጌሳ ከባሕር ወለል በላይ 1300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ ዝናብ የሚያጥራት ከተማ ናት፤ ውኃዋንም ለብዙ ዘመን ስታገኝ የኖረችው በስተሰሜን ካሉት የጌድ ዴብሌ ጉድጓዶች ነው። የተጠቀለለ ፀጉር ከራስ ቆዳ የሚወጣው ወዝ እስከ ጫፉ ስለማይወርድለት በባሕርዩ ደረቅ ነው፤ ፀሐይና ነፋስ ሲጨመሩበት ደግሞ እንደ ጭራሮ ይሰበራል።

የሐርጌሳ ሴቶች ለዚህ ከጥንት ጀምሮ የሚጠቀሙበት ቃሲል የተባለው ዱቄት ነው። ቃሲል የሚዘጋጀው ከእኛው ቁርቁራ ጋር አንድ ወገን ከሆነው፣ ሶማሌዎች ጎብ ከሚሉት ዛፍ ነው። ቅጠሉ ደርቆ ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ በውኃም ይለወሳል። ቅጠሉ ሳፖኒን የተባለ፣ እንደ እንዶድ አረፋ የሚያወጣ ንጥረ ነገር ስላለው እድፍንና የቆየ ቅባትን ያጥባል። ይሁን እንጂ ቃሲል ፀጉር ያነጻል እንጂ አያበቅልም። ራስ ላይ እስኪደርቅ ከተተወም ፀጉሩን ያደርቃል፤ ስለዚህ ሳይደርቅ በሚገባ መታጠብ አለበት። ከዚያም ፀጉሩ ገና እርጥብ ሳለ ጥቂት የሰሊጥ ዘይት ወይም ንጹሕ ቅቤ ይቀባል። ቅባት ራሱ እርጥበት አይሰጥም፤ ውኃው እንዳይተን ያግዳል እንጂ። ማበጠሪያውም ጥርሱ ሰፋ ያለ ይሁን፤ ከጫፍ ተጀምሮ ወደ ሥር ይበጠር።

ከሁሉ የከፋውን ጉዳት ግን እኛው በእጃችን እናደርሳለን። በጣም ተጠብቆ የተሠራ ሹሩባ የግንባርንና የጆሮ ግንድን ፀጉር ከሥሩ ይጎትታል። ሕመም፣ ትንንሽ ብጉርና በግንባር ዳር የሚታይ መሳሳት የመጀመሪያ ምልክቶች ናቸው። በዚህ ጊዜ ሹሩባው ከላላ ፀጉሩ ይመለሳል፤ ለዓመታት ከቀጠለ ግን ሥሩ ጠባሳ ይሆንና ዳግመኛ አይበቅልም። ሳይቃጠል በቅጠል መባሉ ለዚህ ነው። እናቶች የሴት ልጆቻቸውን ፀጉር ሲሠሩ፣ ልጅቱ አመመኝ ካለች ቻይው ከማለት ይልቅ ፈትተው አላልተው ይሥሩላት።

የጋለ ብረትና ኃይለኛ የማለስለሻ ኬሚካልም ፀጉርን ያሳሳሉ፤ የራስን ቆዳም ሊያቃጥሉ ይችላሉ። በሂና ረገድም ጥንቃቄ ያሻል። እውነተኛው የሂና ቅጠል ቀይ ቡናማ ቀለም ይሰጣል። «ጥቁር ሂና» ተብሎ የሚሸጠው ግን ብዙውን ጊዜ የፀጉር ማቅለሚያ ኬሚካል የተቀላቀለበት ስለሆነ ቆዳን እስከማቁሰል ይደርሳል።

በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር መርገፉ የተለመደ ነው። ከወለዱ ከሁለት እስከ አራት ወር በኋላ ግን በእፍኝ ሲረግፍ ብዙ እናቶች ይደነግጣሉ። ይህ በእርግዝና ጊዜ ሳይረግፍ የቆየው ፀጉር አንድ ላይ መውረዱ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ልጁ ዓመት ሳይሞላው ይመለሳል። በአንጻሩ የደም ማነስ ያለባት እናት የሚያስፈልጋት የጤና ጣቢያ ምርመራ ነው። ምስር፣ ጎመን፣ ጉበትና ሥጋ ሲገኝ ከገበታዋ አይጉደል።

በልጆች ራስ ላይ ክብ ሆኖ ፀጉር የሚያራግፈው ቆረቆር ተላላፊ የፈንገስ በሽታ ነው። ቅቤም ሆነ ቃሲል አያድነውም፤ በሐኪም ትእዛዝ ለሳምንታት የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል። በማበጠሪያ፣ በቆብና በፀጉር መቁረጫ መኪና ስለሚተላለፍ፣ በየሠፈሩ ፀጉር የሚቆርጡ ወታደሮች መሣሪያቸውን ከአንዱ ራስ ወደ ሌላው ሳያጸዱ አያዙሩ።

በመጨረሻም ለባሎች አንድ ቃል አለን። ፀጉሯ የሳሳባት ሚስት ብዙ ጊዜ ሻሿን ከቤት ውስጥም አታወልቅም፤ ከሰው መካከል መገኘትም ይከብዳታል። እንዲህ ባለ ጊዜ የባል ቀልድ ከበሽታው ይበልጥ ያቆስላል። ፀጉሯን በምትታጠብበት ቀን ውኃውን ቀድቶ ማምጣት፣ ሕፃኑን መያዝ፣ ምልክቱ ሲከፋም ወደ ሐኪም አብሮ መሄድ የባል ድርሻ ነው።