ከምድጃው በስተጀርባ ያለው ግድግዳ

በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች፣ በአጋሮ፣ በየቡ፣ በሰቃና በሊሙ ገነት፣ ማድ ቤት ሲባል ለረጅም ዘመን የሚታሰበው ከዋናው ቤት ተነጥላ በጓሮ የምትቆም፣ በቋሚና በማገር ተዋቅራ በጭቃ የተመረገች ትንሽ ቤት ነበረች። ግድግዳዋ በጥላሸት መጥቆሩ ማንንም አያሳስብም ነበር፤ እንግዳ አያየውምና። ዛሬም እንዲህ ያለው ማድ ቤት በየግቢው ሞልቷል። ሆኖም በጋራ መኖሪያ ቤቶችና በአዳዲስ የብሎኬት ቤቶች ምድጃው ወደ ውስጥ እየገባ፣ ከሳሎኑ የሚለየው አንዲት በር ብቻ እየሆነች ነው። በዚህም ሳቢያ ከምጣዱና ከዕቃ ማጠቢያው በስተጀርባ ያለው ግድግዳ በምን ይሸፈን የሚል ጥያቄ ተነሥቷል።

ብዙ ሰው መልሱን የሚፈልገው ከሱቅ ነው። የሴራሚክ ዓይነት ይመርጣል፣ ቀለም ያማርጣል፣ ዋጋ ይከራከራል። ጥያቄው መጀመር ያለበት ግን ከግድግዳው ነው። ባልተዘጋጀ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሴራሚክ አንድ ወይም ሁለት ክረምት አሳልፎ ሲረግፍ፣ አብሮት የሚረግፈው የዓመቱ የቡና ገንዘብ ሊሆን ይችላል።

ግድግዳው ምን ይደርስበታል?

እንጨት ሲነድ ውሃ ያስገኛል ቢባል አንዳንድ አንባቢ ይገረም ይሆናል። ደረቅ እንጨት ከክብደቱ 6 በመቶ ያህሉ ሃይድሮጅን ነው። ይህ ሃይድሮጅን ከኦክስጅን ጋር ሲዋሐድ፣ ከ1 ኪሎ ግራም ደረቅ እንጨት ከግማሽ ኪሎ ግራም በላይ የውሃ ትነት ይወጣል። በጅማ ክረምት እንጨቱ ራሱ እርጥብ ነው፤ የእንጀራው እንፋሎትም ይታከልበታል። የጭቃ ግድግዳ ይህን ትነት ጠጥቶ፣ አየሩ ሲደርቅ መልሶ ይለቅቀዋል። መስታወት መሰል ልባስ ያለው ሴራሚክ ግን አይጠጣም፤ ትነቱ በቀዝቃዛው ገጽ ላይ ጠብታ ሆኖ ይወርዳል፣ መጋጠሚያው ክፍተት ካለው ደግሞ ወደ ኋላ ይሰርጋል።

ቁሌቱ ሌላ ጣጣ አለው። የኑግ ዘይት በሊኖሌይክ አሲድ የበለጸገ ነው። ይህ አሲድ በሞለኪዩሉ ውስጥ ሁለት ድርብ ትስስሮች ስላሉት ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ይዋሐዳል፤ ሞለኪዩሎቹም እርስ በርስ እየተያያዙ ተጣባቂና ቢጫማ ሽፋን ይሆናሉ። የቀለም ባለሙያዎች የተልባን ዘይት ለቀለም መሥሪያ የሚመርጡት ለዚሁ ጠባዩ ነው። እንግዲህ ከድስቱ የፈነጠቀውን ዘይት በዚያው ዕለት በሙቅ ውሃና በሳሙና ማጠብ ቀላል ሲሆን፣ ከወር በኋላ ግን የሚታጠበው ዘይት ሳይሆን ቀለም ነው። በሎሚ ወይም በአቼቶ መፈተግ ደግሞ አይመከርም፤ አሲዱ ኖራውንና የሲሚንቶውን መጋጠሚያ ይበላል።

ጭቃውን ማወቅ

የጅማ አካባቢ ቀይ አፈር በአፈር ሳይንስ ኒቲሶል ይባላል። በውስጡ የሚበዙት የካኦሊናይት ዓይነት ሸክላና የብረት ኦክሳይድ ሲሆኑ፣ እርጥበት ሲያገኝ ብዙም አያብጥም። በረባዳ ሥፍራ የሚገኘው ጥቁር ዋልካ ግን ስሜክታይት የተባለ ሸክላ ስላለው ውሃን በንብርብሮቹ መካከል እያስገባ ያብጣል፤ ሲደርቅም ይሰነጠቃል። ልዩነቱን በቤተ ሙከራ ለማየት የሚሻ ተማሪ ርዝመቱ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጠባብ ሣጥን በእያንዳንዱ አፈር ጭቃ ሞልቶ በጥላ ሥር ያድርቅና በማስመሪያ ይለካ። 3 ሴንቲ ሜትር ያጠረ ጭቃ በ10 በመቶ ተኮማትሯል ማለት ነው፤ ለግድግዳም አይሆንም። ጭዱ የሚጨመረውም መኮማተሩን አንድ ትልቅ ስንጥቅ ከመሆን ይልቅ በብዙ ጥቃቅን ስንጥቆች እንዲበተን ለማድረግ ነው።

በጭቃ ላይ ሲሚንቶ መለሰን የተለመደ ስሕተት ነው። ጭቃው እንደ እርጥበቱ ያብጣል፣ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶው ግን ግትር ነው። ሁለቱ አብረው ስለማይንቀሳቀሱ ልስኑ ይላቀቃል፤ በላዩ የተለጠፈው ሴራሚክም አብሮት ይወርዳል። ሽቦ መረብ በምስማር መትቶ መለሰን ነገሩን ያዘገየው እንደሆነ እንጂ አያስቀረውም። ስለዚህ ለጭቃ ማድ ቤት የሚሻለው ኖራ ነው። የተቦካ ኖራ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ሲሆን፣ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ወደ ካልሲየም ካርቦኔት ይለወጣል፤ በሌላ አነጋገር መልሶ የኖራ ድንጋይ ይሆናል። እርጥበት ያስተላልፋል፣ ሻጋታ አይወድደውም፣ ነጭነቱም ለጨለማዋ ማድ ቤት ብርሃን ይሰጣል። በየዓመቱ መታደስ ይኖርበታል፤ በሥራው ጊዜም ዓይንንና እጅን መከላከል ግድ ነው፣ ኖራ ያቃጥላልና።

ሴራሚክ የሚስማማው ቤት

ግድግዳው ብሎኬት ከሆነ፣ ማብሰያውም ኤሌክትሪክ ወይም ጋዝ ከሆነ ሴራሚክ መልካም ምርጫ ነው። የግድግዳ ሴራሚክ ጀርባው ቀዳዳማ ነው፤ ከክብደቱ ከ10 በመቶ በላይ ውሃ ሊጠጣ ይችላል። ፖርሲሊን የሚባለው ግን ከ0.5 በመቶ አይበልጥም። ለማመሳከር ደረቅ ሴራሚክ መዝኖ፣ አንድ ቀን በውሃ ዘፍዝፎና ወልውሎ ዳግመኛ መመዘን ይቻላል፤ 400 ግራም የነበረው 460 ግራም ቢሆን 15 በመቶ ጠጥቷል። ጠጪ መሆኑ ለግድግዳ ነውር አይደለም፤ ለመያዝ እንዲያውም ይረዳዋል። ነውር የሚሆነው ውሃ በመጋጠሚያው በኩል ሲገባ ነው።

የሦስት ጉልቻ ነበልባል የሚልሰው ግድግዳ ላይ ግን ሴራሚክ ባይለጠፍ ይመረጣል። ልባሱና አካሉ በሙቀት እኩል ካልተስፋፉ ገጹ በጸጉር መሰል ስንጥቆች ይሸፈናል። በዚያ ቦታ ቀዩ ጭቃ የተሻለ ነው፤ እሳቱ ቢበዛበት እንደ ሸክላ ይጠበሳል።

ሊታጠብ የሚችል ግድግዳ ጢስን አይቀንስም፤ ምልክቱን ብቻ ያስወግዳል። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት እ.ኤ.አ. በ2020 ዓ.ም. በቤት ውስጥ አየር ብክለት ሳቢያ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህም ከ237 ሺህ በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። የሚጎዱት ከ2.5 ማይክሮ ሜትር ያነሱት ቅንጣቶች ወደ ሳንባ ጥልቅ ይገባሉ እንጂ ሁሉም ግድግዳ ላይ አይቀሩም። ስለሆነም ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ ከሴራሚኩ በፊት እሳቱን የሚሸፍነው ምርጥ ምድጃና የጢስ መውጫ ይቅደሙ። አንድ ነጭ የሴራሚክ ስባሪ ከምድጃው አጠገብ ለሳምንት ሰቅሎ፣ ምድጃው ከተለወጠ በኋላ ሌላ ስባሪ ለሳምንት መስቀልና ጥላሸታቸውን ማነጻጸር ለሳይንስ ክበባት ጥሩ ሙከራ ነው።

ልኬትና ወቅት

የሚሸፈነው ግድግዳ ርዝመቱ 2.40 ሜትር፣ ከመደቡ በላይ ከፍታው 60 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ስፋቱ 1.44 ካሬ ሜትር ነው። ባለ 20 በ30 ሴንቲ ሜትር ሴራሚክ 24 ይበቃዋል፤ ለስባሪና ለቁራጭ 10 በመቶ ሲታከል 27 ይገዛል። ከመለጠፉ በፊት መሬት ላይ ደርድሮ ማየት ይገባል፤ ሶኬቱና ቧንቧው የሚያርፉበትን ቦታ አስቀድሞ ያላሰበ ሰው ቆንጆውን ሴራሚክ መሐል ለመሐል ይበሳል።

ወቅቱን በተመለከተ የቡና አገር ሰው ዕድለኛ ነው። ቡና ተለቅሞ ገንዘብ የሚገኝበት ጥርና የካቲት፣ ልስንም ሆነ ኖራ በደንብ የሚደርቅበት ወቅት ነው። ይህ ካለፈ ክረምቱ እስኪወጣ መጠበቁ ይሻላል። ሲገዛም ሁሉም ከአንድ ምርት መለያ ቁጥር መሆኑ ከካርቶኑ ይታይ፤ የእቶኑ ሙቀት ጥቂት ሲለያይ የልባሱም ቀለም ይለያያል። የተረፉት ሁለት ሦስት ሴራሚኮች አይጣሉ፤ ከዓመታት በኋላ አንዱ ሲሰበር ተመሳሳዩ ገበያ ላይ ላይገኝ ይችላል።