የአራሷ ደመወዝ ከማን ኪስ ይውጣ?

በአርሲ ነገሌና በሻሸመኔ መካከል፣ በዋናው አስፋልት ዳር ባለችው ኩየራ፣ ስምንት መምህራን የቀጠረ አንድ የግል መዋዕለ ሕፃናት አለ እንበል። ከመምህራኑ አንዷ በወር 6,000 ብር ታገኛለች፤ ጥር ላይ ትወልዳለች። ባለቤቱ ለአራት ወር የእሷን ደመወዝ ሲከፍል 24,000 ብር ይሆናል። ሕፃናቱ ያለ አስተማሪ ሊውሉ አይችሉምና በዚያው ደመወዝ ምትክ ይቀጥራል፤ ሌላ 24,000። ለአራሷ የሚያስገባው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮም አይቋረጥም። ትልቅ ፋብሪካ ይህን ያህል ወጪ ሳይሰማው ሊያልፍ ይችላል። ለዚህ ሰው ግን የክረምቱን የቤት ኪራይ የሚበላ ገንዘብ ነው።

ሕጉ ለእናቲቱ የሰጣት መብት ተገቢ ነው፤ በዚህ አልደራደርም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች ከሙሉ ክፍያ ጋር የወሊድ ፈቃድ እንዲያገኙ ደንግጓል። በአዋጅ ቁጥር 377/1996 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 60 ቀን የነበረው ፈቃድ፣ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የድኅረ ወሊዱ ወደ 90 ከፍ ብሎ በድምሩ 120 ቀን ሆኗል። ለእርግዝና ምርመራ ስትሄድ ደመወዟ አይቆረጥም። ነፍሰ ጡር ሳለችና ከወለደች በኋላ እስከ አራት ወር ድረስ ውሏን ማቋረጥ ክልክል ነው። አባት የሚሰጠው 3 ቀን ብቻ ነው፤ እናትና ልጅ ከጤና ተቋም ወጥተው ቤት እስኪረጋጉ እንኳ የማይበቃ።

ችግሩ ያለው ሒሳቡን ብቻውን የሚዘጋው አሰሪው መሆኑ ላይ ነው። መንግሥት ከግምጃ ቤቱ አያዋጣም። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 አሰሪውን 11፣ ሠራተኛውን 7 በመቶ ያስከፍላል፤ እርጅናን፣ የአካል ጉዳትን፣ ሞትን ሲሸፍን ወሊድ ከዝርዝሩ የለም። ስለዚህ አሰሪው ወጪውን በሌላ በር ይሸሻል። ቅጥር ላይ «አግብተሻል? ልጅስ አስበሻል?» ተብላ ያልተጠየቀች ሴት ስንት ትሆን? ውሏ በየሦስት ወሩ የሚታደሰው፣ ሆዷ ሲገፋ ደግሞ «ውልሽ አልቋል» የምትባለው ለዚህ ነው። ማባረር ተከልክሏል፤ ውል አለማደስ ግን ቀላል ነው። አዋጁ ሊጠብቃት የወጣላት ሴት ገና ከመቀጠሯ በፊት ዋጋውን ትከፍላለች። አሰሪውን ክፉ ብሎ መስደብ ይህን አይፈታውም።

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2000 ባጸደቀው ስምምነት ቁጥር 183 የወሊድ ክፍያ በማኅበራዊ መድን ወይም በሕዝብ ገንዘብ እንዲሸፈን፣ እያንዳንዱ አሰሪም በመርሕ ደረጃ ብቻውን ተጠያቂ እንዳይሆን አስቀምጧል። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ክፍያውን ከመንግሥት ካዝና ታወጣለች፤ ብዙ ጊዜ ገንዘቡ በአሰሪው እጅ አልፎ ለሠራተኛዋ ይደርሳል፤ የአሰሪው ግዴታ ተቀብሎ በወቅቱ ማስተላለፍ ነው። ያ ሀብታም አገር ነው ለሚለኝ ሩዋንዳን አነሳለታለሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣችው ሕግ አሰሪውም ሠራተኛውም ከደመወዝ 0.3 በመቶ እንዲያዋጡ አደረገች። አሰሪው የመጀመሪያዎቹን ስድስት ሳምንታት ሲከፍል የቀረውን የማኅበራዊ ዋስትና ቦርዱ ይሸፍናል። መዋጮው ከወንዱም ከሴቷም ስለሚሰበሰብ ሴት መቅጠር ለብቻው የሚያስፈራ ነገር መሆኑ ይቀንሳል።

በዚያ መጠን ቢሆን የኩየራዋ መምህር በወር 18 ብር ታዋጣለች፤ ባለቤቱም 18 ብር። ይህ መጠን ለእኛ ይበቃ እንደሆነ ባለሙያ ያስላው። ገንዘቡን ከአሰሪ የሚሰበስበው መሥሪያ ቤት ግን ዛሬም አለ፤ የጡረታ መዋጮውን በየወሩ ይቀበላል። ያው መስመር ለወሊድም መዘርጋት አለበት። ሕጉን ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ቢያረቅ፣ አሰሪዎችና የሠራተኛ ማኅበራት አንድ ገበታ ላይ ቢቀመጡ ማን ይጎዳል?

ሰው ቤት የምትሠራዋ ልጅ ከዚህም ውጭ ናት። አዋጅ 1156 የቤት ሠራተኞችን ጉዳይ ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ትቶታል። እሷ ስታረግዝ የሚጠብቃት ብዙውን ጊዜ ሻንጣዋን ይዞ መውጣት ነው። መድኑ ሲታሰብ ከመጀመሪያው እሷን ካላካተተ፣ ከሁሉ የበለጠ የሚያስፈልጋትን ትቶ ይጀምራል።