ዕቃቃ በትልልቅ ሰዎች እጅ

በሰሜን ጎንደር፣ በአዲ አርቃይ፣ በደባርቅ ወይም በዳባት ከተማ፣ የአራትና የአምስት ዓመት ልጆች ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ዕቃቃ ሲጫወቱ ጠጋ ብሎ ላያቸው ሰው፣ ቴአትር ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። የጠርሙስ ክዳን ድስት ይሆናል፤ ቅጠል እንጀራ ይሆናል፤ በቁራጭ ጨርቅ የተጠቀለለ እንጨት ሕፃን ሆኖ ይታዘላል፣ ያለቅሳል፣ እሹሩሩ ይባላል። አንዷ እናት ናት፣ አንዱ ከገበያ የተመለሰ አባት ነው፤ ሲሰለቻቸው ይቀያየራሉ። ከብት የሚጠብቁት ደግሞ በጭቃ በሬ ሠርተው ይጠምዳሉ። እኛ ትልልቆቹ ይህን ሁሉ «የልጅ ነገር» ብለን እናልፈዋለን። ይህንኑ የልጅ ነገር ሙያ አድርገው የያዙ፣ በእሱም ከአገር አገር የሚዞሩ ተዋንያን፣ የአሻንጉሊት ባለሙያዎችና ተወዛዋዦች ግን አሉ። ለሕፃናት የሚቀርበው ይህ ቴአትር በእኛ ዘንድ፣ ሲነሣም፣ የሚነሣው እንደ ዋና ከተማ ቅንጦት ነው። እውነቱ የተገላቢጦሽ ይመስለኛል፤ ከጥበባት ሁሉ ለትንሽ ከተማ የሚስማማ አንድ ቢኖር ይኸኛው ነው። ከሊማሊሞ ተራራማ መንገድ በታች ላሉ ልጆች ያልደረሰውም ከዋጋው ይልቅ ምንነቱ ስላልታወቀ ነው።

ምንነቱ ከትልልቆቹ ቴአትር ጋር ሲነጻጸር ይገለጣል። የትልልቆቹ ቴአትር ሰፊ አዳራሽ፣ ከፍ ያለ መድረክና ብዙ ሕዝብ ይወዳል፤ የሕፃናቱ ግን ሕዝብ ሲበዛበት ይሞታል። ተመልካቹ ብዙውን ጊዜ ከመቶ አይበልጥም። ልጆቹ ምንጣፍ ላይ፣ ከተዋናዩ ጥቂት እርምጃ ርቀው፣ ከወላጅ ወይም ከመምህር ጉያ ሥር ይቀመጣሉ። መብራቱ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ ድንገተኛ ጨለማ ሕፃንን ያስለቅሳል። ትርኢቱ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ቢቆይ ነው። አንዱ ልጅ ብድግ ብሎ ወደ መጫወቻው ቦታ ቢገባ ሥራው ተበላሸ አይባልም፤ ተዋናዩ ይህንንም ወደ ጨዋታው እንዲያስገባ ሠልጥኗል። በጣሊያኗ ቦሎኛ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1976 የተመሠረተው ላ ባራካ የተባለ ቡድን ከ1987 ጀምሮ ሦስት ዓመት እንኳ ላልሞላቸው ሕፃናት ሥራ እያዘጋጀ ቆይቷል። «በዚያ ዕድሜ ምን ሊገባቸው?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ታሪክ መከተል ለእነሱ ከባድ መሆኑን ሙያተኞቹም አይክዱም። ነገር ግን አኩኩሉ የተጫወተ ሕፃን ሁሉ የቴአትርን ዋና ምስጢር ያውቃል፤ አንድ ነገር ይሰወራል፣ ልብ ይንጠለጠላል፣ ተመልሶ ብቅ ሲል ሳቅ ይፈነዳል። ለሁለት ዓመት ልጅ የሚሠራ ትርኢት በዚህ ላይ ይገነባል፤ ኳስ ይንከባለላል፣ ጨርቅ ሥር ይጠፋል፣ ባልታሰበበት በኩል ይወጣል።

የአሻንጉሊቱ ክፍል ከሁሉ ይበልጥ ጥበብ ይጠይቃል። አሻንጉሊት ሕይወት ያለው የሚመስለው ብዙ ሲንፈራገጥ አይደለም፤ ሲተነፍስ ነው። አንቀሳቃሹ ደረቱን በስሱ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል፤ ከመራመዱ በፊት ወደሚሄድበት እንዲያይ ያደርገዋል፤ እግሩ መሬት ሲረግጥ ክብደቱ እንዲታወቅ ይጠነቀቃል። ትንፋሽ፣ እይታና ክብደት ከተሟሉ ካልሲም ሰው ይሆናል፤ ከጎደሉ በውድ ዋጋ የተሠራውም ጨርቅ ሆኖ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1981 በደቡብ አፍሪካ የተመሠረተው ሀንድስፕሪንግ የተባለው ቡድን በዚህ ዘዴ የቁመተ ሙሉ ፈረስ አሻንጉሊቶችን ሠርቶ በ2007 ለንደን ውስጥ «ዋር ሆርስ» በተባለው ቴአትር አሳይቷል። አንቀሳቃሾቹ አይደበቁም፤ ተመልካች እያያቸው ይረሳቸዋል። ትልልቆች ይህን እንደ ተአምር ያወራሉ፤ ለዕቃቃ ልጅ ግን የዘወትር ነገር ነው፤ የታዘለው እንጨት እንጨት መሆኑን እያወቀ እሹሩሩ ይላል።

ሙያው በዓለም ዙሪያ የራሱ ቤቶችና ማኅበራት አሉት። የአሻንጉሊት ባለሙያዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር፣ ዩኒማ፣ ፕራግ ላይ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1929 ነው። የሕፃናትና የወጣቶች ቴአትር ማኅበር አሲቴጅ ደግሞ በ1965 ፓሪስ ላይ ተመሠረተ፤ ዓለም አቀፍ ጉባኤውን በአፍሪካ ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ ያካሄደው በ2017 በኬፕታውን ነው። የፈረንሳይዋ ሻርልቪል ሜዚዬር ከተማ ከ1961 ጀምሮ በአሻንጉሊት ፌስቲቫል ትታወቃለች። ይህን የሚያነብ ሰው ነገሩ የፈረንጅ ነው ብሎ እንዳይደመድም ማሊን ማየት ይበቃዋል። እዚያ የመንደር ወጣቶች የአራዊት ጭምብልና ግዙፍ አሻንጉሊት ይዘው በዘፈንና በጭፈራ አደባባይ ይወጣሉ፤ የማርካላን ትርኢት ዩኔስኮ በ2014 መዝግቦታል። ጭላዳና ዋልያ ከደጁ ያለው የሰሜን ተራራ ልጅ ለእንዲህ ያለው ጨዋታ ገጸ ባሕርይ ፍለጋ ሩቅ አይሄድም።

እኛም ብንሆን ለነገሩ እንግዶች አይደለንም። የመጀመሪያው ዘመናዊ የኢትዮጵያ ተውኔት የሚባለው የተክለሐዋርያት ተክለማርያም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» በ1913 ዓ.ም. አካባቢ ሲታይ ተናጋሪዎቹ አራዊት ነበሩ። የእንስሳት ተረት ቢሆንም የታየው ለሹማምንት ነው፤ ነቀፌታው ስለተገባቸውም ታገደ። ልጆች ቢያዩት ኖሮ ምናልባት ስቀው ያልፉት ነበር። ቀጥሎ ቴአትርን ያቆዩት ትምህርት ቤቶች ናቸው፤ ዮፍታሔ ንጉሤ ተውኔቶቹን በተማሪዎች ያሠራ ነበር፤ ከጣሊያን ወረራ በኋላም ስንዱ ገብሩ በእቴጌ መነን ትምህርት ቤት እንደዚያው አደረጉ። እነዚህ ግን በልጆች የተሠሩ እንጂ ለሕፃናት የተሠሩ አልነበሩም። ለሕፃናት ተብሎ የተሠራው በሰፊው የመጣው በቴሌቪዥን መስኮት ነው። የመድረክ ሰው የነበሩት ተስፋዬ ሣህሉ ከቴሌቪዥን ጣቢያው መባቻ ከ1957 ዓ.ም. ጀምረው ከ40 ዓመት በላይ አባባ ተስፋዬ ሆነው ተረት ነገሩ። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ደግሞ መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር የፈጠረቻት የስድስት ዓመቷ ቀጭኔ፣ የ«ፀሐይ መማር ትወዳለች» ፀሐይ፣ ከአሻንጉሊት ጋር ትውልድ አስተዋወቀች፤ ዝግጅቱም በ2008 በጃፓን ፕራይዝ ውድድር ተሸልሟል። አዲስ አበባ የሕፃናትና ወጣቶች ቴአትር የተባለ ራሱን የቻለ ቤትም አላት። እንግዲህ ካርታው ይህን ይመስላል፤ በአካል የሚቀርበው ዋና ከተማው ላይ ቀርቷል፣ ወደ ሰሜን የሚወጣው ምስል ብቻ ነው።

ምስሉ አይበቃም ወይ? አባባ ተስፋዬም ሆኑ ፀሐይ የሠሩት ቀላል ሥራ አይደለም፤ አንድ ቀረጻ በአንድ ጊዜ ለሚሊዮኖች ይደርሳል፣ የትኛውም ተጓዥ ቡድን ይህን አይችልም። ሆኖም የሕፃናት ሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ደጋግመው ያዩት ነገር አለ፤ ሦስት ዓመት ገደማ እስኪሞላው ድረስ ልጅ ከምስል የሚማረው፣ ያንኑ ነገር ፊት ለፊቱ ያለ ሰው ሲያሳየው ከሚማረው ያነሰ ነው። ምክንያቱ ለማንም ወላጅ የሚከብድ አይደለም። በመስኮቱ ውስጥ ያለችው ቀጭኔ ልጁ ቢስቅም ባይስቅም ንግግሯን ትቀጥላለች። ፊቱ የቆመው ተዋናይ ግን ሳቁን ይጠብቀዋል፣ ፍርሃቱን አይቶ ወደ ኋላ ይላል፣ ያስደሰተውን ይደግምለታል። ልጁ የሠራው ነገር በትርኢቱ ላይ ለውጥ ሲያመጣ ያያል። በዚህ ላይ ኤሌክትሪክ ባልገባበት ቀበሌ ስለ መስኮት ማውራትም ትርፉ ድካም ነው።

«ተረት እያለን አሻንጉሊት ምን ያደርግልናል?» የሚል አያት ቢኖር ጥያቄው ሚዛን ይደፋል። ከእሳት ዳር የሚነገር ተረትና እንቆቅልሽ እንደ ማንኛውም ቴአትር ሥርዓት አለው፤ አጠያየቅ አለው፣ ሰሚው የሚመልሰው መልስ አለው፣ ድምፅ ይለዋወጥበታል። ግን ተረት የጆሮ ጥበብ ነው። ጅብ በጦጣ እንዴት እንደተታለለ ለመከተል ቋንቋው የበሰለ ልጅ ይፈልጋል፤ የሁለትና የሦስት ዓመቱ በአያቱ ጭን ላይ እንቅልፍ ይወስደዋል። የአሻንጉሊቱና የውዝዋዜው ቴአትር የሚይዘው ይህን ገና ቃል ያልሞላለትን ልጅ ነው፤ የሚናገረውም ለዓይኑና ለሰውነቱ ነው። በጎንደር ገጠር ሕፃን መሄድ ሳይጀምር ትከሻውን ይዘው እስክስታ የሚያስመቱት በከንቱ አይደለም። ስለዚህ አንዱ የሌላውን ቦታ አይወስድም፤ ተረቱ ገጸ ባሕርይ ያበድራል፣ ትርኢቱም ለተረቱ ጆሮ ያሰናዳል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው። የሰሜን ጎንደር አካባቢ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ጦርነት ያለፈበት ነው፤ ቤት ፈርሷል፣ ሰው ተፈናቅሏል፤ ከዳባት አጠገብ ያለው የአለምዋጭ መጠለያም የኤርትራ ስደተኞችን ይዟል። መድኃኒትና ደብተር ሳይሟላ ስለ ጨዋታ ማውራት ነውር አይደለም ወይ? እ.ኤ.አ. በ1993 የተጀመረው የድንበር የለሽ ቀልደኞች ማኅበር አነሣሥ ለዚህ ይጠቀሳል። የባርሴሎና ተማሪዎች ክሮኤሺያ ከተጠለሉ የጦርነት ተፈናቃይ ልጆች ጋር ይጻጻፉ ነበር፤ ልጆቹ ናፈቀን ያሉት ሳቅ ስለሆነ ገንዘብ አዋጥተው አንድ የሰርከስ ቀልደኛ ላኩላቸው። ጥያቄው ከልጆቹ እንጂ ከአርቲስቱ አልመጣም። እኛም ብንሆን በ1983 ዓ.ም. የተቀበልነው የሕፃናት መብት ስምምነት በ31ኛው አንቀጹ ጨዋታንና ኪነ ጥበብን ከመብት ቆጥሯቸዋል፤ ሌላው ሁሉ ከሞላ በኋላ የሚሰጥ ምርቃት አላደረጋቸውም። አዲስ አበባ ውስጥ የፈቃት ሰርከስ ባለሙያዎች በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ትርኢት ሲያሳዩ ሐኪሙን አላስወጡትም፤ ከጎኑ ነው የቆሙት። ለሰሜን ተራራ ግርጌ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ። አማርኛና ትግርኛ በሚጎራበቱበት፣ ስደተኛና ነባር በሚገናኙበት ቦታ፣ ቃል የማይፈልግ ትርኢት የሁለቱንም ወገን ልጆች ያለ አስተርጓሚ አንድ ምንጣፍ ላይ ያስቀምጣል። በንግግር የተሞላ ቴአትር ይህን አያደርግም።

እንግዳ ቡድን መጥቶ አሳይቶ ቢሄድ ምን ይቀራል ለሚለው ማስረጃው እዚሁ አገር አለ። እንግሊዛዊው የውዝዋዜ መምህር ሮይስተን ማልዱም እ.ኤ.አ. በ1996 አዲስ አበባ ውስጥ ከጎዳና ልጆች ጋር «ካርሚና ቡራና» የተባለውን የውዝዋዜ ትርኢት አዘጋጀ። ነገሩ በአንድ ትርኢት ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ የሚያስታውሰው ጥቂት ነበር። ግን ለዓመታት የቆየ ሥልጠና ተከተለው፣ አዱኛ የተባለው የውዝዋዜ ቡድን ተወለደ፤ ከዚያም ጁነይድ ጀማል ሰንዲና አዲሱ ደምሴ ወጥተው ዴስቲኖ የተባለውን የራሳቸውን ቡድን አቋቋሙ። እነዚያ የጎዳና ልጆች ከሕፃንነት ያለፉ ስለነበሩ ምሳሌው ሙሉ በሙሉ አይገጥምም፤ የሚያሳየው ግን ግልጽ ነው። የቀረው ትርኢቱ ሳይሆን ሥልጠናው ነው።

ለአዲ አርቃይ የሚያስፈልገውም ስሌት ከዚህ ይነሣል። አዳራሽ አያስፈልግም፤ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የ«ኦ» ክፍል ወይም የአጸደ ሕፃናት ክፍል ይበቃል። ዕቃው በአንድ ጆንያ ይገባል፤ ጨርቅ፣ አገዳ፣ ቅል፣ አንድ ከበሮ። ከደባርቅ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ለመውረድም ሁለት ተዋናይና አንድ ጆንያ ሚኒባስ ላይ ቦታ አያጡም። የሚያስቸግረው ሰው ማግኘቱ ነው፤ ለትልልቅ ሕዝብ መጮህ የለመደ ተዋናይ ሕፃናት ፊት ሲቆም ያስፈራቸዋል፣ ወይም ምክር ያበዛባቸዋል። እጅህን ታጠብ፣ ትምህርትህን አጥና የማይል የልጆች ዝግጅት በእኛ ዘንድ ብርቅ ነው። ወላጅም ትምህርት የሌለበትን ጨዋታ ገንዘብ አይሰጥበትም ይባላል፤ ይህ እውነት ሊሆን ስለሚችል ወጪውን ከትኬት መጠበቅ አይገባም፣ ትርኢቱም በትምህርት ቤቱ ሰዓት መግባት አለበት። ተዋናዩን ደግሞ ከከተማ ከማምጣት ይልቅ የአጸደ ሕፃናት መምህራኑን ማሠልጠን ይሻላል፤ ከልጅ ጋር መዋልን አስቀድመው ያውቁበታል፣ የሚጎድላቸው የትንፋሽና የእይታ ጥበቡ ነው። ባሕር ዳር ያለው የሙሉዓለም የባህል ማዕከል ባለሙያዎች ውዝዋዜውንና ሙዚቃውን ሊያካፍሉ ይችላሉ። አሻንጉሊቱን ለማስተማር ከውጭ ቡድን የሚጋበዝ ከሆነም፣ አዲስ አበባ ላይ ለተጋባዥ እንግዶች አንድ ምሽት ከማሳየት ይልቅ ጎንደር ላይ ለሃያ መምህራን ሁለት ሳምንት እንዲያሠለጥን መጠየቅ ነው።