ከበሩ ማዶ ያለ ኮቴ

መንዝ ጓሳ ላይ ማታ የሚወርደው ጉም ድምፅ ይውጣል። ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በዚያ ሜዳ ፀሐይ ስትጠልቅ ጭላዳዎቹ ወደ ማደሪያቸው ገደል ይወርዳሉ፤ ጅብራው ብቻውን ቆሞ ይቀራል። ጥቅምት ላይ ነበር። ዝተት ተከናንቤ እሳት ዳር በላፕቶፕ ፊልም ሳይ እንጨት የሚጨምሩልን አዛውንት ጥበቃ መጥተው ከኋላዬ ቆሙ። «ይቀመጡ ጋሼ» አልኳቸው። በርኖሳቸውን ሰብስበው ተቀመጡ።

ፊልሙ «ካርሚላ» ነው፤ እንግሊዛዊቷ ኤሚሊ ሃሪስ በ2019 እ.ኤ.አ. ያቀረበችው። ላራ የምትባል ልጅ በገጠር በትልቅ ቤት ውስጥ በአሳዳጊዋ እጅ ከሰው ተለይታ ታድጋለች። አንድ ሌሊት ሠረገላ ይገለበጥና ማን እንደሆነች የማይታወቅ ወጣት ሴት ትተርፋለች። እንግዳዋ እዚያው ቤት ትሰነብታለች፤ ሁለቱ ልጆች ይዋደዳሉ። መዋደዳቸው እየበረታ ሲሄድ የቤቱ ሹክሹክታም አብሮ ይበረታል።

ጋሼ ቋንቋውን አይሰሙም። የአሳዳጊዋን ዓይን ግን አይተዋል።

«ልጄ፣ እንግዳይቱ ቡዳ ናት እንዴ?»

«ቡዳ አይደለችም። ቫምፓየር ናት ብለው ነው የጠረጠሯት።»

«እሱ ምንድን ነው?»

«ሞቶ ከመቃብር የሚነሳ፣ ሌሊት እየመጣ የሰው ደም የሚመጥ።»

«ታዲያ ሌላ ምን አልኩሽ!»

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጋሼ ተሳስተው ይሆን፣ ወይስ እኔ ያላየሁትን አይተው? አዲስ አበባ እንደተመለስኩ ፊልሙ የተወሰደበትን መጽሐፍ ፈለግሁ።

ደራሲው የደብሊኑ ሰው ሸሪዳን ለፋኑ ነው። ታሪኩን በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን፣ መቅደላ ከተደፈረች ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በመጽሔት ተከታታይ አድርጎ አወጣው፤ በ1872 ከሌሎች ታሪኮቹ ጋር በመጽሐፍ ታተመ። ዓለም የሚያውቀው «ድራኩላ» የመጣው ከዚያ 25 ዓመት ቆይቶ ነው፤ የእሱም ደራሲ ብራም ስቶከር የደብሊን ልጅ ነው። እንግዲህ ሴቲቱ ወንዱን ትቀድመዋለች።

መጽሐፉን ስከፍት የጠበቅሁት ደም ነበር። ያገኘሁት ሕልም ነው። የመጽሐፉ ተራኪ ሎራ ትባላለች፤ እናት የላትም፣ የምትኖረውም በኦስትሪያ ጫካ መሐል ነው። ስድስት ዓመት ገደማ ሳለች ሌሊት ስትነቃ አንዲት ቆንጆ ወጣት አልጋዋ አጠገብ ተንበርክካ ታያለች። ወጣቷ አቅፋ ታስተኛታለች፤ ከዚያ ደረቷን ሁለት መርፌ የወጋት ያህል ይሰማትና ትጮሃለች። ከ12 ዓመት በኋላ ከተገለበጠው ሠረገላ የወጣችው እንግዳ ያንኑ ፊት ይዛ ትመጣለች። ይህ ብቻ ቢሆን ተራ የማስፈራሪያ ተረት ነበር። ግን ሎራ ሳትናገር ካርሚላ ትቀድማትና እሷም በልጅነቷ ሎራን በሕልሟ እንዳየቻት ታወራላታለች። ሁለት ሰዎች ሳይገናኙ የተዋወቁ ያህል ነው። ሎራም የተሰማትን አትደብቅም፤ ፍቅር አለ፣ መሸሽም አለ፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይይዟታል። በዚያ ዘመን አንዲት ሴት ለሌላ ሴት ያላትን ፍቅር እንዲህ ገልጣ ስትናገር ማንበብ ትንፋሽ ያሳጥራል።

ጥቂት ገጾች ዘልቄ ደግሞ አገሬን አገኘሁ። በአካባቢው የገበሬ ሴቶች ምክንያቱ ባልታወቀ በሽታ ይሞታሉ። አንድ ጎባጣ አዟሪ ቤቱ ደጅ መጥቶ ከክፉ ነገር የሚጠብቅ ክታብ ይሸጣል፤ ሁለቱም ይገዛሉ። ክታብ! ደብተራ የጻፈውን፣ በቆዳ ተሰፍቶ በአንገት የሚታሰረውን ያየ አንባቢ እዚህ ገጽ ላይ ባዕድ አይደለም።

ቀጥሎ አሮጌ ሥዕል ይመጣል። ጥቀርሻው ሲጠረግ 1698 የሚል ዓመትና ሚርካላ የሚል ስም ይወጣል፤ ፊቱ ግን የካርሚላ ነው። በሌላ ቤት ደግሞ ሚላርካ ተብላ ኖራለች። ለፋኑ የላቲን ፊደላትን እየቀያየረ የሠራው ስም በእኛም ፊደል ሳይጎድል ሠራልኝ፤ ካ፣ ር፣ ሚ እና ላ ቦታ ይለዋወጣሉ እንጂ አይጨምሩም አይቀንሱም። ወረቀት ላይ ጽፌ ደጋግሜ አየሁት። ስሟን ብትቀይርም ከአራቱ ፊደላት ማምለጥ አትችልም።

ከዚያ በኋላ ታሪኩን ወንዶች ይረከቡታል። መቃብሯን ይከፍታሉ፣ እንጨት ይቸነክሩባታል፣ አንገቷን ይቆርጣሉ፣ አቃጥለው አመዷን ወንዝ ውስጥ ይበትናሉ። በ1970 ሀመር የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ይህንኑ ታሪክ ፊልም ሲያደርገው የጀመረው በወንድ አዳኝ ትረካ ነው። የሎራ ድምፅ የለም። ያንን ፊልም አልወደድኩትም፤ ለፋኑ ለምትወዳት ልጅ የሰጠውን አንደበት ነጥቋታል።

መቃብር መክፈቱ ግን ከደራሲ ጭንቅላት የፈለቀ አልነበረም። በ1755 በሞራቪያና በሲሌዢያ ድንበር በምትገኝ መንደር ሮዚና ፖላኪን የተባለች ሴት ከሞተች በኋላ ሌሊት እየመጣች ታስጨንቀናለች ተባለ። ሬሳዋ ወጣ፤ አልፈረሰም። አንገቷን ቆርጠው አቃጠሏት። ወሬው ቪየና ሲደርስ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ሐኪሟን ጌራርድ ቫን ስዊተንን አማከረች። ሐኪሙ ሬሳ ሳይፈርስ የሚቆይበት ተፈጥሯዊ ምክንያት እንዳለ፣ የቀረውም የድንቁርና ፍርሃት እንደሆነ ጻፈላት። ንግሥቲቱም ከዚያ ወዲያ እንዲህ ያለ ቅጣት በሬሳ ላይ እንዳይፈጸም ከለከለች። የመንደሩ ሰዎች ሌሊት ይጨነቁ ነበር፤ የሚያስጨንቃቸውን አላወቁም፤ ስለዚህ ሴት ፈለጉ።

የጋሼ ቃል ተመልሶ የመጣብኝ እዚህ ላይ ነው። ሮናልድ ሬሚኒክ የተባለ አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ተመራማሪ መንዝ ተቀምጦ ስለ ቡዳ እምነት ያጠናውን በ1974 አሳትሟል። ከሰማቸው ተረቶች አንዱ እንዲህ ነው። ሔዋን 30 ልጆች ነበሯት። እግዚአብሔር ልጆችሽን አሳዪኝ ሲላት ፈርታ 15ቱን ደበቀች። የታዩት ተባረኩ፤ የተደበቁት የክፉ መንፈስ ወገን ሆነው ቀሩ። ቡዳ ሌሊት ጅብ ይሆናል፣ ሬሳ ከመቃብር አውጥቶ ነፍስ ይዘራበትና ባሪያ ያደርገዋል ይባላል። ካርሚላም ሌሊት ድመት የሚመስል ትልቅ ጥቁር አውሬ ሆና ነው የምትመጣው። ቡዳ የሚባሉት ደግሞ ጠይቦቹ ናቸው፤ ማረሻውን የሚቀጠቅጠው፣ ምጣዱንና ጀበናውን የምትሠራው። ቡናችንን በእጇ ሥራ እየጠጣን ልጃችንን ከዓይኗ እንሸሽጋለን። ይህን ስጽፍ ያመኛል፤ እኔም በልጅነቴ ሸክላ ሠሪ ስትመጣ ከእናቴ ቀሚስ ሥር የተደበቅሁ ነኝ።

ወደ ሃሪስ ፊልም ተመለስኩ። በመጀመሪያው ያለፈኝን አሁን አየሁት። ላራ ግራኝ ናት፤ አሳዳጊዋ ግራ እጅ የሰይጣን ነው ብላ ወደ ኋላ ታስርባታለች። በግራ እጁ እርሳስ ስለያዘ የተቆጡት ልጅ በየቤታችን አለ። ካርሚላ ቫምፓየር ትሁን አትሁን ፊልሙ አያረጋግጥም። የምናየው ሁለት የሚዋደዱ ልጆችንና አንዲት የፈራች ሴትን ነው። በዚህ ፍርሃት ውስጥ ያለች ሴት ለመግደል ማስረጃ አትጠብቅም። ጋሼ ከአሳዳጊዋ ዓይን ያነበቡት ይህንኑ ነበር።

ጥር ላይ ጓሳ ተመለስኩ። ሣሩ ደርቆ ወርቅ መስሏል፤ ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል። ጋሼ አልረሱም፤ እሳቱን ቆስቁሰው «እንግዳይቱስ?» አሉኝ። መገደሏን ነገርኳቸው። ዝም አሉ።

«የቀረችቱስ?»

ሎራ ከዓመታት በኋላ ታሪኩን ስትጽፍ፣ አንዳንዴ ብቻዋን ተቀምጣ ሳለች የካርሚላ ቀላል ኮቴ ከበሩ ማዶ የተሰማት እየመሰላት ትደነግጣለች። መጽሐፉ የሚያበቃው እዚያ ላይ ነው። ይህንኑ ነገርኳቸው።

ከሜዳው በኩል ጅብ ጮኸ። ጋሼ ጆሯቸውን ሰጥተው ቆዩና ወደ እኔ ዞሩ።

«ከፈተችላት?»