ሽታውን ይዞ ብርሃኑን የሚለቅ በር

ዶሮ ወጥ በሚሠራበት ቤት በማዕድ ቤትና በሳሎን መካከል በር ያስፈልጋል። ሥራዬ የቤት ውስጥ ዲዛይን ስለሆነ አዲስ አፓርታማ ከሚረከቡ የአዲስ አበባ ሰዎች ጋር ነው የምውለው፤ በዚህ ጉዳይ አቋሜ ከዓመት ዓመት እየጠነከረ ሄዷል። አሁን አሁን የሚሠሩት ብዙዎቹ አፓርታማዎች ማዕድ ቤቱን ከሳሎኑ ጋር አንድ አድርገው ይከፍቱታል። ሥዕሉ ላይ ሰፊ ይመስላል። ቁሌቱ እሳት ላይ ሲወጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሽንኩርቱ ሲበስል፣ በርበሬው ሲገባ፣ ቅቤው ሲጨመር ሽታው ሶፋው ላይ ያርፋል፣ መጋረጃው ውስጥ ይገባል፣ የእንግዳውን ካፖርት ይዞ ይወጣል።

ስለዚህ ሰዎች ቤቱን ከያዙ በኋላ ግድግዳ እንዳቆምላቸው ይጠሩኛል። ከእነዚህ አንዷ አራተኛ ፎቅ ላይ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ እናት ነበሩ።

«ልጄ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ልብስ መቀየር ሰለቸኝ። ግድግዳ አቁሚልኝ» አሉኝ።

ሳሎናቸው ግን የራሱ መስኮት የለውም ማለት ይቻላል። የጠዋቱ ብርሃን የሚገባው በማዕድ ቤቱ በኩል ካለው በረንዳ ነው። «እማማ፣ እዚህ ግድግዳ ካቆምን ሳሎኑ በጠራራ ፀሐይም መብራት ይፈልጋል» አልኳቸው። በስንት ንግግር የተስማማነው በጥቁር የብረት ፍሬም የተያዘ የመስታወት ክፍልፋይና በር ላይ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው አብዛኛው ከእሳቸው ቤት የወጣ ነው።

ብዙ ሰው ይህን በር በስልኩ ያየዋል፤ ከፎቶው ጋር አንድ ዓይነት እንዲሆንለትም ይጠይቀኛል። የበሩ አባት ግን የፋብሪካ መስኮት ነው። እንግሊዝ አገር፣ ኤሴክስ ውስጥ ብሬንትሪ በምትባል ከተማ የክሪቶል ቤተሰብ እ.ኤ.አ. በ1849 የብረታ ብረት ሱቅ ገዛ። ከልጆቹ አንዱ፣ ፍራንሲስ ሄንሪ ክሪቶል፣ በ1884 የብረት መስኮት መሥራት ጀመረ። ብረት ከእንጨት ስለሚጠነክር ፍሬሙ ይቀጥናል፤ ፍሬሙ ሲቀጥን መስታወቱ ይሰፋል፤ በማሽኑ ላይ ያጎነበሰው ሠራተኛ ብርሃን ያገኛል። በ1926 ጀርመን ውስጥ ዴሳው ላይ የተመረቀው፣ ቫልተር ግሮፒየስ የነደፈው የባውሃውስ ትምህርት ቤት ደግሞ የወርክሾፑን ግድግዳ እንዳለ በብረትና በመስታወት ሸፈነው። ከዚያ በኋላ ኒውዮርክ ሶሆ ውስጥ ሠዓሊዎች ባዶ የቀሩ የፋብሪካ ፎቆች ውስጥ ገብተው መኖር ሲጀምሩ፣ እንዲህ ያለው የፋብሪካ መልክ የመኖሪያ ቤት ውበት ሆነ። መስኮቱ ቀስ በቀስ ወደ ቤት ውስጥ ገብቶ በር ሆነ።

ለእኛ አገር ብረቱ እንግዳ አይደለም። ኤል.ቲ.ዜድ የምንለው፣ የትምህርት ቤቱም የድሮው ቪላም መስኮት የተሠራበት ብረት የዚሁ ዘር ነው። እናቶቻችን ስቱኮው ደርቆ ሲረግፍ የሚያስጠግኑት፣ ልጅ በኳስ የሚሰብረው ያው መስኮት። ስለዚህ ውጭ አገር ማዘዝ አያስፈልግም፤ የሰፈር ብየዳ ቤት ይሠራዋል። ደንበኞቼ አሉሚኒየም ይሁን ሲሉኝ የማልስማማውም ለዚህ ነው። አሉሚኒየም አይዝግም፣ ቀላል ነው፤ ግን ያንኑ በር ለመሸከም ብዙ ጊዜ የብረቱን እጥፍ የሚሆን ስፋት ይፈልጋል። የዚህ በር ውበት ያለው ደግሞ መስመሩ ቀጭን መሆኑ ላይ ነው። ጥቁሩ መስመር ከወፈረ ዓይን መስታወቱን ትቶ ፍሬሙን ያያል፤ ሳሎኑም የባንክ መስኮት ይመስላል።

ብየዳ ቤት ሄዳችሁ ሥራውን ብታዩ ደስ ይለኛል። ጥሩ በያጅ ብረቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ማዕዘኖቹን በ45 ዲግሪ ይቆርጣል፤ ከዚያ አራቱንም ጥግ በነጥብ ብቻ ያያይዛል። ወዲያው ብየዳውን አይቀጥልም። ሜትሩን አውጥቶ ከአንዱ ጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ በሰያፍ ይለካል፤ ሌላውንም ሰያፍ እንዲሁ። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ በሩ ተጣሟል ማለት ነው፤ በመዶሻ መታ መታ አድርጎ ያስተካክለዋል። ከዚያ አንዱን ጥግ ጥቂት ይበይድና ወደ ተቃራኒው ይሻገራል፤ ሙቀት ብረትን ስለሚስብ አንዱን ጥግ ጨርሶ ወደ ሌላው የሚሄድ ሰው የተቆለመመ በር ነው የሚያስረክበው። የእማማን በር የሠራው ባለሙያ ብየዳውን በግራይንደር ካስተካከለ በኋላ ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ ይዳብሰው ነበር። «ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?» ስለው «እጅ የማይሰማውን ነገር ዓይን አያየውም» አለኝ። ትክክል ነው፤ ጥቁር ቀለም ከተቀባ በኋላ እብጠት ሁሉ ብርሃን ላይ ይጋለጣል። መጀመሪያ ፀረ ዝገት፣ ከዚያ የማያብረቀርቅ ጥቁር። የሚያብረቀርቀውን አልመክርም፤ አቧራውንም የጣት አሻራውንም ያጎላል።

መስታወቱ የሚታዘዘው ፍሬሙ ተበይዶ ካለቀ በኋላ ነው። በር ላይ የሚገባው ቴምፐርድ መስታወት መሆን አለበት፤ ሲሰበር እንደ ተራው መስታወት ስለታም ስንጣሪ አይሆንም፣ ወደ ጥቃቅን ቁርጥራጭ ይበተናል። ግን ለመጠንከር አንዴ ምድጃ ከገባ በኋላ አይቆረጥም፣ አይበሳም። ልኩ በሁለት ሚሊ ሜትር ከተሳሳተ መስታወቱ ተጣለ። ስለዚህ እያንዳንዱ ክፍት ለብቻው ይለካል፣ በየጎኑም ትንሽ መፈናፈኛ ይተውለታል።

ክብደቱንም አስቡት። የ6 ሚሊ ሜትር መስታወት በካሬ ሜትር 15 ኪሎ ግራም ይመዝናል። 90 ሳንቲ ሜትር በ2 ሜትር ከ10 የሆነ በር ሙሉ በሙሉ መስታወት ቢሆን መስታወቱ ብቻ 28 ኪሎ ይደርሳል፤ ብረቱ ሲጨመርበት ሁለት ማጠፊያ አይበቃውም፣ ሦስት ያስፈልገዋል። የአፓርታማ ክፍልፋይ ግድግዳ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ባዶ የሆነ ብሎኬት ነው። በሩን ብሎኬቱ ላይ አታንጠልጥሉ። የፍሬሙ እግሮች ከወለሉ ተነስተው እስከ ላይኛው ቢም ይድረሱ፣ ሸክሙን እነሱ ይያዙት።

አሁን ወደ ማሳመሩ ልምጣ። ከሁሉ በፊት መስመሮቹን የምወስነው ሳሎኑ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው። ቆሞ የሚታይ በርና ከሶፋ ላይ ሆኖ የሚታይ በር አንድ አይደሉም። እማማ ቤት መካከለኛውን አግዳሚ ብረት ከወለሉ 90 ሳንቲ ሜትር ላይ አደረግነው። የማዕድ ቤቱ የሥራ ጠረጴዛ ቁመት ይኸው ነበር፤ ከሶፋው ሆነው ሲያዩት የበሩ መስመርና የጠረጴዛው ጠርዝ ተቀጣጥለው አንድ ይሆናሉ፣ ማዕድ ቤቱም የሳሎኑ ቀጣይ ይመስላል። እግሩ ሥር 30 ሳንቲ ሜትር ያህል በላሜራ ዘጋነው፤ መወልወያውም የልጆች ጫማም የሚያርፈው እዚያ ነው። ከላይ ያለው ቁመቱ የሚበልጥ መስታወት ሆነ። ኮርኒሱ ዝቅ ባለ ቤት ውስጥ ቁመታም መስታወት ጣሪያውን ከፍ ያደርገዋል፤ በትንንሽ አራት ማዕዘን የተከፋፈለው ግን ክፍሉን ያጨናንቀዋል። ፎቶ ላይ ብዙ መስመር ያለው በር ስለሚማርክ ሰዎች ይህን ምክሬን ቶሎ አይቀበሉትም። እኔም አልተውም፤ ከ60 ካሬ በማይበልጥ ቤት ውስጥ መስመር ባነሰ ቁጥር ይሻላል።

ያልታጠበ ዕቃ ለእንግዳ እንዳይታይ ለሚጨነቅ ሰው ሸንተረር ያለው መስታወት አለ። ብርሃኑን ያሳልፋል፣ ቅርጹን ይሰብራል። ከታች ሸንተረር፣ ከላይ ጥርት ያለ ማድረግም ይቻላል፤ እማማ የመረጡት ይህንን ነው።

ጥቁሩ ብቻውን መቅረት የለበትም። አንድ ጥቁር ነገር በቀላል ቀለም ክፍል ውስጥ ለብቻው ሲቆም የተረሳ ዕቃ ይመስላል። ሌላ ሁለት ሦስት ቦታ ላይ ቀጭን ጥቁር ይመልስለት፤ የመጋረጃው ዘንግ፣ የሥዕሉ ፍሬም፣ የጠረጴዛው እግር። ረከቦቱ ላይ የተቀመጠችው ጀበናም ትቆጠራለች፤ ሸክላዋ የማያብረቀርቅ ጥቁር ስለሆነ ከበሩ ጋር እንደሷ የሚስማማ ዕቃ አላየሁም። ቴሌቪዥኑን ግን ከበሩ ጎን አትስቀሉት። ትልቅ ጥቁር ሰሌዳና ጥቁር ፍሬም አንድ ግድግዳ ላይ ከተቀመጡ ዓይን ማረፊያ ያጣል።

ግድግዳውን ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ንጹህ ነጭ ማድረግም አይመቸኝም፤ ከጥቁር ጋር ሲሆን ክሊኒክ ክሊኒክ ይላል። ትንሽ ቢጫ ወይም ቡና የነካው ነጭ ይሻላል። ከዚያ እንጨት። ዋንዛ ካገኛችሁ ሌላ አትፈልጉ፤ ሞቅ ያለው ቡናማ መልኩ የብረቱን ቅዝቃዜ ያለዝበዋል። ጨርቁም ሸካራ ይሁን፤ ሶፋው ጀርባ ላይ የታጠፈ ጋቢ፣ በእጅ የተሸመነ ትራስ፣ የሰፌድ ስፌት። ብረትና መስታወት ሁለቱም ለስላሳ ስለሆኑ ክፍሉ እጅ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። ወርቃማ ቅርጻ ቅርጽ ያለው ትልቅ ሶፋ ላላቸው ሰዎች ደግሞ ግልጹን ልናገር፤ ሁለቱ አይስማሙም። ሶፋውን የምትወዱት ከሆነ በሩን ቡናማ አድርጉትና ሰላም ይሁን።

ሲመሽ የሚሆነውን ብዙ ሰው አያስበውም። አንዱ ክፍል በርቶ ሌላው ከጨለመ መስታወቱ የፊት መስተዋት ይሆናል፤ ሳሎን የተቀመጠ ሰው ከራሱ ፊት ጋር ይፋጠጣል። መድኃኒቱ ማዕድ ቤቱ ውስጥ ከቁም ሳጥኑ ሥር አንድ ትንሽ መብራት ማስቀረት ነው። አምፖሉንም ስትገዙ ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ። 6500 ኬልቪን የሚለው ነጩ ብርሃን ጥቁሩን ያደርቀዋል፤ ከ2700 እስከ 3000 ያለው ቢጫው ግን ብረቱን ያለሰልሰዋል።

ይህ በር ለሁሉም ቦታ አይደለም። ለመታጠቢያ ቤት አልመክረውም፤ ለመኝታ ክፍልም፣ ነጠላ መስታወት ድምፅን እንደ ግድግዳ ስለማይከለክል፣ እንቅልፉ ቀላል የሆነ ሰው ይቅርበት። ዳዴ የሚል ሕፃን ያለበት ቤት በልጁ ዓይን ቁመት መስታወቱ ላይ ምልክት ይለጠፍ። የቤት ሠራተኛዋም ወለሉን በበረኪና የምታጥብ ከሆነ የበሩን እግር በንጹህ ውኃ አልቅልቃ ታድርቀው፤ በረኪና ቀለሙ በተላጠበት በኩል ገብቶ ብረቱን ይበላዋል።

እማማ ቤት በሩ ከገባ በኋላ ለጥየቃ ሄጄ አንድ ያላሰብኩትን ነገር አየሁ። ቁሌቱ ሲበስል በሩ ይዘጋል። ቡናው ሲቆላ ግን እሳቸው ራሳቸው ተነስተው ይከፍቱታል፤ የቡና ጭስ ለእንግዳ የሚቀርብ ነውና። ግድግዳ አቁመን ቢሆን ይህ አይቻልም ነበር፤ ሁሉን ከፍተን ብንተወውም ቡናው ከሽንኩርቱ ጋር ይደባለቅ ነበር። አዲስ አፓርታማ የሚነድፉ ባለሙያዎች ማዕድ ቤቱን ከመክፈታቸው በፊት በዚያ ቤት ምን እንደሚበስል ቢያስቡ እወዳለሁ።

ለማሠራት የወሰናችሁ አንባቢዎች፣ ስትረከቡ ሁለት ነገር እዩ። የመስታወቱ ጥግ ላይ ቴምፐርድ መሆኑን የሚገልጽ ማኅተም ፈልጉ፤ ከሌለ ሻጩ በጽሑፍ ያረጋግጥላችሁ። ከዚያ በሩን እስከ ግማሽ ከፍታችሁ ልቀቁት። ካለበት ካልተንቀሳቀሰ ቀጥ ብሎ ተሰቅሏል፤ በራሱ ጊዜ ከተከፈተ ወይም ከተዘጋ እስኪስተካከል ድረስ ቀሪውን ክፍያ አትክፈሉ።