ደጋግሞ የሚቃጠል ፊውዝ፦ የሞተር ሳይክል ብልሽት የሚታወቅበት ምልክት

አንድ ሰው በሌሊት ሞተር ሳይክል እያሽከረከረ ወደ ግራ ሲታጠፍ የፊት መብራቱ በድንገት ጠፋ እንበል። መንገድ ዳር ቆሞ ፊውዙን ሲቀይር መብራቱ ይመለሳል። በማግስቱ ግን በሌላ ኩርባ ላይ ያው ችግር ይደገማል። በዚህ ጊዜ ብዙዎችን የሚያታልለው መፍትሔ የ10 አምፔሩን ፊውዝ በ20 አምፔር መተካት ነው። ከዚያ በኋላ ፊውዙ ላይቃጠል ይችላል፤ ትልቁ አደጋ የሚጀምረው ግን ያን ጊዜ ነው።

ፊውዝ ሆን ተብሎ ደካማ እንዲሆን የተሠራ የኤሌክትሪክ መስመር አካል ነው። ፍሰቱ ከመጠን ሲያልፍ ቀድሞ በመቅለጥ ሽቦውን ያድናል። በሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ከፍሰቱ ይበልጥ ፈጥኖ ያድጋል፤ ፍሰቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ለ10 አምፔር የተመጠነ ሽቦ 20 አምፔር ሲጫንበት የፕላስቲክ ልባሱ ሊቀልጥ፣ አልፎም እሳት ሊነሳ ይችላል። በብዙ ሞተር ሳይክሎች ላይ ደግሞ ዋናው የሽቦ ጥቅል የሚያልፈው በነዳጅ ታንከሩ ሥር ነው።

የብልሽቱን ዓይነት ለመለየት ፊውዙ መቼ እንደሚቃጠል ማስተዋል ይጠቅማል። ቁልፉ እንደተከፈተ ወዲያው ከተቃጠለ፣ የፖዘቲቩ ሽቦ በቀጥታ የብረቱን አካል ነክቷል ማለት ነው። ከደቂቃዎች በኋላ ከሆነ ጭነት መብዛቱን ያመለክታል። በ12 ቮልት የሚሠራ የ60 ዋት መብራት 5 አምፔር ይወስዳል፤ በዚያው መስመር ላይ 36 ዋት የሚፈልግ የእጀታ ማሞቂያና 24 ዋት የሚፈልግ የስልክ ቻርጀር ቢቀጠሉ ድምሩ 10 አምፔር ይደርሳል፤ ለትንሽ ጭማሪ እንኳ ቦታ አይተርፍም። መሪው ሲዞር ወይም መንገዱ ሲያንገጫግጭ ብቻ የሚቃጠል ከሆነ ግን ልባሱ የተፋቀ ሽቦ አለ ማለት ነው። በመጀመሪያ የሚፈተሸው ሽቦው በየመታጠፊያው የሚተጣጠፍበት የመሪው አንገት አካባቢ ነው።

እንዲህ ያለው ብልሽት ሞተር ሳይክሉ ቆሞ ሲመረመር ስለሚሰወር፣ መልቲሜትር ብቻውን ላያገኘው ይችላል። ቀላሉ ዘዴ በፊውዙ ቦታ የ12 ቮልት የፊት መብራት አምፖል ማገናኘት ነው። አምፖሉ ፍሰቱን ስለሚገድብ ሽቦው አይጎዳም። በመስመሩ ላይ ያሉት መብራቶችና መሣሪያዎች ከተነቀሉ በኋላ ቁልፉ ተከፍቶ መሪው በዝግታ ይዞራል፤ ሽቦውም በእጅ እየተነካካ ይፈተሻል። አምፖሉ ቦግ ብሎ የበራበት ቅጽበት የተነካካውን ሥፍራ ያጋልጣል። አምፖሉ በጣም ስለሚግል ከፕላስቲክና ከነዳጅ መራቅ አለበት።

ጥገናው የሚጀምረው ባትሪውን በመንቀል ነው፤ የሚቀድመውም ኔጌቲቩ ነው። ፖዘቲቩ ቀድሞ ሲፈታ መፍቻው የብረቱን አካል ቢነካ ኃይለኛ ብልጭታ ይፈጠራል። የተጎዳው ሽቦ ውፍረቱ እኩል በሆነ ሌላ ሽቦ ይተካል፤ መሪው እስከ መጨረሻው ሲዞር እንዳይወጠርና ብረት እንዳይፍቀውም በቂ ርዝመት ተትቶለት ይታሰራል።

በመጨረሻ የሚመለሰው ፊውዝ ያው ባለ 10 አምፔሩ ነው። ሌሊት ከመጓዝ በፊት መብራቱ በርቶ መሪው ወደ ግራም ወደ ቀኝም እስከ ዳር ሲዞር ካልተቃጠለ፣ የተፈታው የፊውዙ ሳይሆን የሽቦው ችግር መሆኑ ይረጋገጣል።