ሞተሪኖ ሲሞት ሁለመናው አይሞትም

ኩታበር ውስጥ አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለት አዙራ የምታድር መኪና ካያችሁ ባለቤቷ ለእይታ ብሎ እንዳይመስላችሁ። ሞተሪኖዋ ታሟል ማለት ነው። ጠዋት ሹፌሩ የእጅ ፍሬኑን ይለቅና ቁልቁል ያንከባልላታል፤ ፍጥነት ስትይዝ በሁለተኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን ለቀቅ ያደርጋል። መኪናዋ ትንገጫገጫለች፣ ጥቁር ጭስ ትተፋለች፣ ትነሳለች። የአጎቴ አሮጌ ፒካፕ ባለፈው ክረምት ሁለት ወር ሙሉ የኖረችው እንዲህ ነው።

ቁልቁለት ግን በሄዱበት ሁሉ ተከትሎ አይሄድም። ድንችና ገብስ ጭና ደሴ ገበያ ገብታ ሜዳ ላይ ከቆመች አራት አምስት ጎረምሳ ለምኖ ማስገፋት ነው፤ የሻይም መክፈል አለ። እሱስ ገንዘብ ነው፣ ይቻላል። የማይቻለው የሌሊቱ ነው። በሰፈሩ ምጥ የያዛት ሴት ስትኖርና አምቡላንሱ ሌላ ቀበሌ ሲሆን የሚንኳኳው የአጎቴ በር ነው። ከኩታበር ደሴ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሩቅ አይባልም። ግን «መጣሁ» ብሎ ለመመለስ መኪናዋ እንደምትነሳ ማወቅ አለበት።

ሞተሪኖ የሚለው ቃል ጣልያንኛ ነው፤ ትንሽ ሞተር እንደማለት። ፍሬን፣ ማርሽ፣ ኩሽኔታ፣ ኮፋኖ፣ ካቻቪቴ የምንለው ሁሉ ከጣልያኖች የቀረልን የጋራዥ ቋንቋ ነው። ሞተሪኖ ከመምጣቱ በፊት መኪና የሚነሳው ከፊት በሚገባ ማኖቬላ በእጅ ተዘውሮ ነበር። ሞተሩ ወደ ኋላ ከመታ ክንድ ይሰብራል። አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ እ.ኤ.አ. በ1911 የሠራው የኤሌክትሪክ ማስነሻ በ1912ቱ ካዲላክ ላይ ተገጥሞ ሲወጣ ያ ጣጣ እየቀረ መጣ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቁልፍ ሲዞር ሞተሪኖው ላይ ያለው ማግኔት ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራል። ትንሿን ጥርስ ገፍቶ ከቮላኖው ጥርስ ጋር ያያይዛል፤ ሁለት የመዳብ ቁራጮችን ደግሞ አገናኝቶ የባትሪውን ኃይል ይለቃል። በናፍጣ ፒካፕ ላይ ያ ኃይል ከ200 አምፔር ያልፋል። በዚያች ቅጽበት መዳቡ ላይ ብልጭታ ይፈጠራል፤ ብልጭታው ደግሞ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መዳብ ይበላል። እንደ ኩታበር ባለ ደጋ ጠዋት ጠዋት ዘይቱ ወፍሮ፣ ባትሪውም ደክሞ ስለሚያድር ልፋቱ ይብሳል።

አጎቴ መጀመሪያ የጠየቀው የአዲስ ዋጋ ነበር። ዋጋውን ሲሰማ «በዚህማ ሰንጋ እገዛበታለሁ» አለ። አልፈረድኩበትም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጀ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ይህ ሁሉ ተደምሮ የሚነግረን አንድ ነገር ነው፤ አሮጌዎቹ ፒካፖች ገና ብዙ ዓመት አብረውን ይኖራሉ። አቅም ያነሰው ባለመኪና መለዋወጫ የሚፈልገውም ከሞቱት መኪኖች ላይ ነው።

ደሴ ውስጥ ወደ አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ወሰድናት። ልጁ መፍቻ ከማንሳቱ በፊት የፊት መብራቷን አስበራ። «እስቲ አሁን ይሞክሩት ጋሼ» አለው አጎቴን። «ቀጭ» የሚል ድምፅ ብቻ ተሰማ። መብራቱ ግን አልደበዘዘም። «አብሽሩ፣ ባትሪው ጤነኛ ነው» አለ።

ነገሩ ቀላል ነው፤ ማንም ቤቱ ሊሞክረው ይችላል። ቁልፍ ሲዞር መብራቱ ሊጠፋ ከደረሰ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ባትሪው ወይም የላላና የዛገ ማሰሪያው ነው። መብራቱ እንደደመቀ ሆኖ «ቀጭ» ብቻ ካለ ግን ኃይሉ ወደ ሞተሪኖው እምብርት እየደረሰ አይደለም። ቮልት መለኪያ ያለው ሰው ደግሞ፣ የሞላ ባትሪ መኪናው ቆሞ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳየዋል፤ ሞተር ሲያዞር ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪውን ይጠርጥር።

ልጁ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈታ። ወደ ሞተሪኖ የሚሄደው ወፍራም ገመድ ቁልፉ ቢጠፋም ኃይል አለው፤ ባትሪ ሳይፈታ የሚነካው ሰው መፍቻው ሻንሲ በነካ ቁጥር እሳት ያያል። ሞተሪኖውን አውርዶ ጠረጴዛ ላይ ከፈተው። አንደኛው መዳብ እንደ ግማሽ ጨረቃ ተበልቷል። ካርቦኖቹ አልቀው የጥፍር ያህል ቀርተዋል። ሽቦው ግን አልተቃጠለም፣ ጥርሱም ደህና ነው።

ከጠረጴዛው ሥር ከተበላሹ መኪኖች የወረዱ ሞተሪኖዎች ተደርድረዋል። ከአጎቴ ፒካፕ ጋር አንድ ዓይነት የሆነውን መርጦ አወጣ። ሲከፍተው የተቃጠለ ሽታ አፈነን፤ የዚህኛው ሽቦ ከስሏል። መዳቦቹና ካርቦኖቹ ግን ገና ብዙ ይሠራሉ። እነሱን ፈትቶ በአጎቴ ሞተሪኖ ውስጥ ገጠማቸው፣ ጠረገ፣ ግሪስ ቀባ። ከዚያ ሞርሳ ላይ አስሮ በባትሪ ሞከረው። ጥርሱ ወጣ፣ ዞረ፣ ተመለሰ። ሁለት ሙት ገብተው አንድ ሕያው ወጣ። የከፈልነው የአዲሱን ዋጋ ሩብ አልሞላም።

ነገሬ እዚህ ላይ ነው። አጎቴ ያንን ሁለተኛውን ሞተሪኖ «ያገለገለ ነው ግን ይሠራል» ተብሎ ሳይከፈት ገዝቶት ቢሆንስ? ገንዘቡም ይሄዳል፣ መኪናዋም አትነሳም። ሳይከፈት የሚሸጥ ያገለገለ ዕቃ ሎተሪ ነው። አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ ሂዱ፣ ደሴ ግዙ፣ «ክፈተውና አሳየኝ፤ ባትሪ ላይ አዙርልኝ» በሉ። ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን አስቀምጡና የጥርሱን ቁጥርና የቡሎን ቀዳዳዎቹን አስተያዩ። ከጭነት መኪና የወረደ ባለ 24 ቮልት እንዳይሆን ጽሑፉን አንብቡ፤ በ12 ቮልት እያዘገመ ይዞራል እንጂ ሞተር አያስነሳም። ትንሿን ጥርስ በእጃችሁ አዙሯት፤ በአንድ በኩል በነፃ ዞራ በሌላው በኩል መያዝ አለባት። በሁለቱም በኩል እንዲሁ ከዞረች አልቃለች። ዕቃው ከየትኛው መኪና እንደወረደ ሊነግራችሁ ያልፈለገ ሻጭ ደግሞ ይቅርባችሁ፤ ርካሽ የሆነው የሌላ ሰው መኪና በሌሊት ስለተፈታ ሊሆን ይችላል።

ከተገጠመ በኋላም ጉዳዩ አላለቀም። ቁልፍ ይዞ ከ10 ሰከንድ በላይ ማስጮህ ሞተሪኖውን ያቃጥላል። ካልተነሳ ግማሽ ደቂቃ አሳርፎ መድገም ነው። የዚያኛው ሽቦ የከሰለውም ምናልባት በዚህ ዓይነት ልማድ ይሆናል።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን የዕቃው ነገር ብቻ አይደለም። ያ ልጅ ሙያውን የተማረው ከአንድ አንጋፋ ሠራተኛ አጠገብ ቁጭ ብሎ እንደሆነ ነግሮናል። የጻፈለት የለም፣ የመሰከረለትም የለም። ለአጎቴ የሰጠውም ዋስትና «ካስቸገርዎ ይመለሱ» የሚል ቃል ብቻ ነው። ቃሉን አምናለሁ፤ ነገር ግን በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ላይ ምን እንደተቀየረ፣ ከየት እንደመጣና ለስንት ጊዜ እንደሚቆም ቢጻፍ ለሠሪውም ለባለመኪናውም ይበጃል። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቻችንም እንዲህ ያለውን ሠራተኛ ለተማሪዎቻቸው እንዲያሳይ ቢጋብዙት ምንም አይከስሩም። መዳቡና ካርቦኑ ከባሕር ማዶ ይመጣል። የትኛው እንደሞተና የትኛው እንዳልሞተ ለይቶ የሚያውቀው እጅ ግን ደሴ ላይ ነው ያለው፤ እሱን በዶላር የምናስገባው ነገር አይደለም።